የጎደለው ድምፅ

ሬሳው ገና ከወለሉ ሳይነሳ፣ ፕሮዲውሰሩ ከደረጃው አናት ላይ ቁልቁል አንገቱን አስግጎ «ለመሆኑ ሃርድ ዲስኩ ተገኘ?» ሲል ጠየቀ።

መርማሪዋ ካጎነበሰችበት ቀና ብላ አየችው። በሥራ ዘመኗ ውሃ ያሳበጠው ሬሳ አይታለች፤ እሳት የበላውም አይታለች። አንዱም ምሳዋን አስትቷት አያውቅም። ይህ ጥያቄ ግን ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዝንብ ተጣበቀ።

«ሰውየው ተገኝቷል» አለችው። «ለጊዜው እሱ ይበቃናል።»

ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ነገር አንዴ እጇ ከገባ ፍሬው ከእብቁ ሳይለይ አይወጣምና። ስሙን አትወደውም፤ ግን አልተሳሳቱም።

ሟቹ የሙዚቃ አቀናባሪ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ቃና» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ከመኖሪያ ቤቱ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ስቱዲዮ ሠርቶ ዕድሜውን እዚያው ጨረሰ። አሁን ደግሞ ዘፋኞች ገብተው ድምፃቸውን በሚቀዱባት፣ እነሱ «ቡዝ» በሚሏት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከማይክራፎኑ ሥር ተኮራምቶ ተኝቷል። ሚስቱ ነርስ ናት። ትናንት ከምሳ በኋላ ሥራ ገብታ፣ እዚያው አድራ፣ ጠዋት ስትመለስ ነው ያገኘችው።

«አስም ነው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው ያረፈው። የታወቀ በሽተኛ ነበር፤ የሚያጠራጥር ነገር የለውም።»

መርማሪዋ ዙሪያዋን ቃኘች። ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ድምፅ በሚውጥ ጥቁር ስፖንጅ ተለብጧል። ስፖንጁ የስንቱን ዘፋኝ ላብና ትንፋሽ ጠጥቶ፣ ዝናብ እንደመታው ውሻ ይሸታል። ከቡዟ ውጭ፣ ኮምፒውተሩ ባለበት ጠረጴዛ ላይ፣ የተገመጠ ሳንድዊች ዝንብ ወሮታል፤ በብርጭቆዎቹ ውስጥ የተረሳው ሻይ ፀጉር አብቅሏል። ሰው እዚህ ተቀምጦ የፍቅር ዘፈን መሥራቱ ገረማት።

ከዚያ የሟቹን እጆች ገልበጥ አድርጋ አየች። መዳፎቹ በልዘዋል። በጥፍሮቹ ሥር ጥቁር የስፖንጅ ፍርፋሪ አለ።

ተነስታ የቡዟን ወፍራም በር ከውስጥ ሞከረችው። እጀታው ያለ ምንም ችግር ይከፍታል። ታዲያ በሚከፈት በር ፊት ግድግዳ የሚቧጥጥ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ከበሩ ወጣ ብሎ፣ ሲገፋ እንጂ ሲነሳ የማይሞከር ትልቅ ስፒከር ቆሟል። መርማሪዋ ተንበርክካ ምንጣፉን ዳሰሰች። የስፒከሩ እግሮች ለዓመታት የቆሙበት ጉድጓድ፣ አሁን ከቆሙበት ቦታ ጣት ያህል ፈንጠር ብሎ ይታያል። በቡዟ በር ፊት ለፊትም ሌላ ጉድጓድ አለ፤ እሱ ግን አዲስ ነው፣ ገና እየሞላ ነው። ስፒከሩ ከቦታው ተነስቶ በሩን ደግፎ ቆይቷል። ከዚያ መልሰውታል፤ አመላለሱን ግን አላወቁበትም።

የመጨረሻው ነገር ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ቤተሰቡ «ፓፍ» የሚላት፣ ወደ አፍ የምትነፋው የአስም መድኃኒት። ከኮምፒውተሩ አጠገብ፣ ከቡዟ መስታወት ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ሰውየው ሲታፈን እያያት ነበር ማለት ነው።

ኮምፒውተሩን አስከፈተችው። የአዲሱ አልበም ስም የተጻፈበት ፎልደር አለ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። የተጣሉ ፋይሎች የሚጠራቀሙበት ቅርጫትም ተጠርጓል። ይህን ያዩት እሷና አብሯት የመጣው ፖሊስ ብቻ ናቸው። «ለማንም እንዳትተነፍስ» አለችው።

ሚስቲቱን ማድ ቤት ውስጥ፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች አገኘቻት። ዓይኗ ደርቋል።

«ፓፉ ጠረጴዛ ላይ ነበረች» አለቻት መርማሪዋ።

«አይደረግም!» ሴትዮዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «የጋብቻ ቀለበቱን ስንቴ ረስቷል፤ ፓፉን ግን አንድ ቀን ረስቶ አያውቅም። የስፖንጁ አቧራ ስለሚያንቀው፣ በእጁ ሳይዛት እዚያች ክፍል አይገባም። እኔ ነኝ ያስማልኩት።»

«ትናንት ምን ይሠራ ነበር?»

«የድሮው ዲስክ ይንጣጣ ጀመር፤ ሊሞት ነው አለ። አዲስ ገዝቶ ምሳ ላይ ይዞት መጣ፣ ሰማያዊ። እዚሁ ፊቴ ሰክቶ ስሙን ‹አደራ› ብሎ ጻፈለት። ‹የሰው ድምፅ የሚቀመጥበት ነውና አደራ ነው› ብሎ ሳቀ። ዘፈኖቹን ወደሱ ላዛውር ብሎ ወረደ፤ እኔም ወደ ሥራዬ ሄድኩ።» ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። «ወጥቼ ስሄድ ደህና ዋል እንኳ አላልኩትም። እቸኩል ነበር።»

«የተጣላው ሰው ነበር?»

«ከሁሉም ጋር ይጣላል። ከወንድሙም ጋር ሰሞኑን ተኮራርፈዋል፤ የወንድማማች ነገር ነው፣ ይረሳል።»

አዲሱ ዲስክ ግን የትም የለም። መሳቢያው ውስጥ የተገኘው የሞተው፣ አሮጌው ብቻ ነው።

ሳሎን ውስጥ አልበሙን በገንዘቡ የሚያሠራው ፕሮዲውሰርና የአልበሙ ዘፋኝ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዘፋኟን «ወፍዬ» ነው የሚሏት። ፊት ለፊት ተቃቅፈው ያለቀሱት ሰዎች፣ ለየብቻ ሲጠየቁ አንዱ የሌላውን ሥጋ ለመብላት ተሽቀዳደሙ።

«እሷን ይጠይቋት» አለ ፕሮዲውሰሩ ላቡን እየጠረገ። «‹ድምፅሽ አርጅቷል፣ በሌላ እቀይርሻለሁ› ብሏት ነበር። ትናንትም እዚህ ነበረች። ሴት ልጅ ስትናደድ ደግሞ ያውቁታል…»

«አላውቀውም» አለችው መርማሪዋ። «እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ ነኛ! ለብቻዬ። ግን እባክዎ፣ ሃርድ ዲስኩ በጥንቃቄ ይያዝ፤ የአልበሙ መውጫ ደርሷል። ውል አለብን።»

ወፍዬ ደግሞ ዓይኗን በመሐረብ እያበሰች አንገቷን ወደ መርማሪዋ አስጠጋች። «ትናንት መጥቼ ነበር፣ አልደብቅሽም። ምሳ እንዳለፈ አንድ ዘፈን ደግሜ ቀዳሁና ሄድኩ። ስወጣ ደህና ነበር፤ እንዲያውም እያፏጨ ነው የተውኩት። ሰማያዊውን ዲስክ ‹የድሮው ሥራ ሁሉ ገብቶልኛል፣ አሁን ነፍሴ ተመለሰች› እያለ አሳይቶኛል። ገዳይ የምትፈልጊ ከሆነ ፕሮዲውሰሩን ያዢው። ቃና ሥራውን ነጥቆ ለሌላ ፕሮዲውሰር ሊሰጥበት ነበር። ‹ከወሰድከው ትሞታለህ› ብሎ ሲዝትበት በስልክ ሰምቻለሁ።» ቆየት ብላ «ድምፄ ግን… ተርፏል አይደል?» አለች።

መርማሪዋ መስኮቱን ሄዳ ከፈተች።

ታናሽ ወንድሙ የደረሰው አስከሬኑ በመኪና ሲወጣ ነው። ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ ጣቶቹ ረጃጅም፣ ፊቱ የሟቹን ይመስላል። መኪናውን ተከትሎ ጥቂት ከሮጠ በኋላ ተመልሶ ሚስቲቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ።

«እትዬ! እትዬ፣ ጋሼ ጉድ ሠራን እኮ!»

አልቅሶ አስለቀሳት። ከዚያ ጆሮዋ አጠገብ፣ ግን ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ «አይዞሽ፣ ሥራው እንኳ አልጠፋም። ግልባጩ እኔ ጋ አለ። ባለፈው ሳምንት ነው ‹አንተ ጋ ይቀመጥ› ብሎ የሰጠኝ» አለ።

ቤቱ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ፕሮዲውሰሩ ዘሎ ተነስቶ አቀፈው። «ወንድም! ወንድም ማለት እንዳንተ ነው!» ወፍዬ መሐረቧን ወደ ቦርሳዋ ከተተች። የአስከሬኑ መኪና ገና ከሰፈሩ ሳይወጣ ላፕቶፑ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተከፈተ።

«ትናንት የት ነበርክ?» አለች መርማሪዋ።

«ቤቴ። ከተኮራረፍን ወዲህ ይህን ቤት አልረገጥኩም። ሳንታረቅ መሄዱ ነው የሚያንገበግበኝ።»

«ተኮራርፋችሁ ነው ግልባጩን የሰጠህ?»

«ወንድሜ አይደል? ኩርፊያ ሌላ፣ ሥራ ሌላ።»

ፕሮግራሙ ሲከፈት፣ ከሙዚቃው በፊት አንድ መልእክት ብቅ አለ፤ «የሚከተሉት የድምፅ ፋይሎች አልተገኙም» ይላል፤ ከሥሩ ረጅም ዝርዝር አለ። የወንድምየው ጣት ከእንባው ፈጠነ፤ መልእክቱን ወዲያው ዘጋው። ከበሮው ጀመረ፣ ቤዝ ጊታሩ ገባ፣ ኪቦርዱ ገባ። ዘፋኟ ትገባለች የተባለበት ቦታ ሲደርስ ግን ዝም።

«ድምፄስ?» አለች ወፍዬ።

«ትንሽ ነገር ጎድሎ ይሆናል። እንደገና እንቀዳዋለን፣ ምን ችግር አለው?»

ፕሮዲውሰሩ በእግሩ ምት ይመታ ነበር። ሚስቲቱ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከዚያ ወጥታ ሄደች። መርማሪዋም ላፕቶፑን ዘግታ በብብቷ ያዘችው። «ይህ ከእኔ ጋር ይቆያል» አለች።

ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ምርመራ ባልደረባዋ ነገሩን እንደ ቀላል አየው።

«ይሄ የተለመደ ነው፣ አለቃ። የሙዚቃ ፕሮጀክት እንደ ፎቶ በአንድ ፋይል የሚያልቅ ነገር አይደለም። ፕሮጀክቱ ራሱ ድምፁን አልያዘም፤ የትኛው ድምፅ የት እንደተቀመጠ፣ መቼ እንደሚገባ ነው የሚያውቀው። ስትገለብጪው ‹ድምፁንም ሁሉ አብረህ ሰብስብ› ካላልሽው፣ ሌላ ፎልደር ውስጥ ያለው እዚያው ይቀራል። እዚህም የመሣሪያዎቹ ድምፅ አብሮ መጥቷል፤ የዘፋኟ ቀረጻ ግን ሌላ ቦታ ስለነበር ቀርቷል። ሰውየው ችኩል ነው፤ ወይ አያውቅም።»

«ቆይ» አለችው። «የጎደለውን ድምፅ ፕሮግራሙ የት ነው የሚፈልገው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አጣሁት ካለ፣ ሲፈልገው ነበር ማለት ነው። የት ሄዶ ነው ያጣው?»

ባልደረባዋ መልእክቱን መልሶ ከፈተና ዝርዝሩን አነበበላት። እሷ ደግማ አስነበበችው። ከዚያ ስልኳን አንስታ የቤት መፈተሻ ፈቃድ እንዲወጣላት ጠየቀች፤ ቀጥላም፣ አፍንጫ የሚያስይዝ ሥራ እንደሚጠብቃት ሳታውቅ፣ ወጣች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አራቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሳንድዊቹ ተነስቷል፤ ሽታው ግን ስፖንጁ ውስጥ ቀርቷል። ሁለት ፖሊሶች ደረጃው ሥር ቆሙ። መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ አንድ የታሰረ ጥቁር ፌስታል አስቀምጣ ሳትፈታው መናገር ጀመረች።

«ቃናን የገደለው አስም ነው። አስሙን ያሰማራበት ግን ሰው ነው። ከውስጥ የሚከፈት በር አልከፈት ብሎት በመዳፉ ደብድቧል፤ ስፖንጅ ቧጥጧል። ሲቧጥጠው አቧራው ይወጣል፤ አቧራው ደግሞ ይበልጥ ያንቀዋል። በሩን የያዘው ያ ስፒከር ነው፤ ምንጣፉ ላይ ፈለጉን ትቷል። ፓፉን ከእጁ የወሰደበት ሰው እዚህች ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።»

ሚስቲቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«ማን ነው ታዲያ?» ቀጠለች መርማሪዋ። «በሚስቱ እንጀምር። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ እንደነበረች ሙሉ የሕሙማን ክፍል ይመሰክራል። ከዚያ በላይ ግን፣ ‹ያለ ፓፉ አይገባም› ያለችኝ እሷ ናት። ዝም ብትል ሐኪሙ ‹አስም› ብሎ ይዘጋው ነበር። ገዳይ የተዘጋ ዶሴ በገዛ አፉ አይከፍትም።»

«እኔስ?» አለ ፕሮዲውሰሩ ቸኮል ብሎ።

«እርስዎ ሬሳው ሳይነሳ ዲስኩን ጠየቁኝ። እንዲያ ያለ ነውር ሰምቼ አላውቅም። ያዳንዎት ግን ነውርዎ ነው። ዲስኩን ያጠፋው ሰው፣ የት እንደገባ እያወቀ አይጠይቅም። ወፍዬም እንደዚሁ፤ ‹ድምፄ ተርፏል ወይ?› አለችኝ። እሷ ብትሰርቀው ኖሮ ከሁሉ በፊት የምትይዘው የራሷን ድምፅ ነበር። የጠፋው ደግሞ እሱ ነው።»

ወፍዬ አንገቷን ደፋች። የእፎይታ ይሁን የሀፍረት አልለየም።

«አንድ ሰው ግን ዲስክ የሚባል ነገር አልጠየቀም» አለች መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞራ። «ገና ሲገባ ‹አይዞሽ፣ ሥራው አልጠፋም› አለ። ጠፋ ያለው ማን ነበር? ኮምፒውተሩ ባዶ መሆኑን የምናውቀው እኔና አንድ ፖሊስ ነን። ባልተነገረህ ነገር ነው ያጽናናሃት።»

«እንዲያው… ሰው ሲሞት ዕቃው ይበተናል ብዬ ነው!»

«ይሁን። ግልባጩን መቼ ነው የሰጠህ?»

«ባለፈው ሳምንት አልኩ እኮ።»

«ላፕቶፕህ ላይ ያለው ፕሮጀክት ግን የጎደለውን የወፍዬን ድምፅ የሚፈልገው ከአንድ ዲስክ ላይ ነው። የዲስኩ ስም ‹አደራ› ይባላል።»

ሚስቲቱ ድንገት ዓይኗን ገለጠች።

«አደራ ባለፈው ሳምንት ሱቅ ውስጥ፣ ከነማሸጊያው፣ ስም የሌለው ዕቃ ነበር። ስሙን ያገኘው በሞተበት ቀን፣ ምሳ ላይ፣ በሚስቱ ፊት ነው። ቃና ሥራውን ወደሱ አዛወረ፣ ከፈተው፣ እዚያው ላይ አስቀመጠው፤ ያን ጊዜ ነው ፕሮጀክቱ ‹ድምፄ አደራ ላይ አለ› ብሎ የያዘው። አንተ የገለበጥከው ከዚያ በኋላ ነው። ከምሳ በኋላ፣ ወፍዬ ከወጣች በኋላ፣ እዚህ ሆነህ። ቤቱን አልረገጥኩም ያልክበት ቀን።»

ወንድምየው ወደ ደረጃው ዞሮ ፖሊሶቹን አየ።

«ዋናውን አጥፍተህ ብቸኛው ግልባጭ አንተ ጋ እንዲቀር ፈለግህ። የወፍዬን ድምፅ አብረህ መሰብሰብ እንዳለብህ ግን አላወቅህም። ዲስኩንም ሰው አይነካውም ባልክበት ቦታ ጣልከው። ትናንት ግቢህን ስንፈትሽ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ክዳን ዙሪያ ሣሩ ተነቅሎ ነበር። ፍሳሽ መጣጭ መኪና አስጠራን። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሲያይ፣ እኔ በገዛ እጄ ነው የለቀምኩት።»

ፌስታሉን ፈታችው። ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ መስኮት የለም፣ መውጫም የለውም። ፖሊሶቹ ሳይቀሩ አፍንጫቸውን ያዙ። ከቆሻሻው መሐል ሰማያዊ ነገር ይታያል።

ፕሮዲውሰሩ አፍንጫውን በክራቫቱ ጠቅልሎ፣ ጠጋ ብሎ አየው። «ይ… ይሠራ ይሆን?»

ሚስቲቱ ከአጠገቡ ራቅ አለች።

«ሁለቱ ዜማ የኔ ነበሩ!» ወንድምየው ፈነዳ። «ይጠየቁ! ወፍዬ ታውቃለች፣ እትዬ ታውቃለች። በየዘፈኑ ላይ የሱ ስም፣ የሱ ስም! ስሜን ጻፍልኝ ብዬ ለመንኩት። ‹አንተ ታጅባለህ እንጂ ዜማ አትደርስም› ብሎ ሳቀብኝ።»

መርማሪዋ ሚስቲቱን አየቻት።

«እውነቱን ነው» አለች ሚስቲቱ ቀስ ብላ። «ዜማዎቹ የሱ ናቸው። ባሌ የሰው ዜማ ሲወድ የራሱ ይመስለው ነበር። ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ስንት ጊዜም ዝም ብያለሁ።»

«ልታረቀው ነበር የመጣሁት» አለ ወንድምየው። «‹ገብቼ አንዷን ላዚምልህ፣ ከወደድካት እንነጋገራለን› አለኝ። የኔኑ ዜማ! ‹ፓፏ ማይኩ ላይ ትንኳኳለች፣ ስጠኝ› አልኩት፤ ሰጠኝ። አዜመ። የኔን ዜማ እንደራሱ አዜመው። ስፒከሩን የገፋሁት ላስፈራራው ብዬ ነው፤ ይጽፍልኛል ብዬ። ከዚያ… ዲስኩን አየሁት።»

«መገልበጡ ረጅም ጊዜ ይወስዳል» አለች መርማሪዋ። «መስታወቱ እዚህ ነው፣ አንተም እዚህ። እሱ እዚያ ሆኖ ሲደበድብ፣ አንተ ወዴት ነበር የምታየው?»

ረጃጅም ጣቶቹን እርስ በርስ አቆላለፈ።

«ወዴት?»

«ስክሪኑን» አለ። «ስንት እንደቀረው ስክሪኑን ነበር የማየው።»

ወፍዬ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ደረጃውን ሮጠች፤ ከላይ ስታስመልስ ተሰማ። ፖሊሶቹ ወንድምየውን አቁመው እጁን አሰሩት። ሚስቲቱ አጠገብ ሲያልፍ «እትዬ…» አለ። እሷም «እትዬ አትበለኝ» አለችው፤ ድምፅዋን ሳታነሳ።

እንደወጡ ፕሮዲውሰሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያሳዝናል፤ በጣም ያሳዝናል። ግን… ከኮምፒውተሩ ላይ የተደመሰሰ ነገር ሊመለስ ይችላል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?»

«የእኛ ሰው ከፊሉን አውጥቶታል» አለች መርማሪዋ። «የሰረዙት ነገር ሁሉ ወዲያው አይጠፋም። የወፍዬ ድምፅ አብዛኛው አለ። ቃና መጨረሻ ላይ ያዜመውም አለ።»

የሰውየው ዓይን በራ። ወደ ሚስቲቱ ዞሮ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እመቤት፣ ይህ ማለት እኮ… የመጨረሻ ድምፁ! ሕዝብ እንዴት እንደሚቀበለው ያስቡት። ለመታሰቢያው…» አለ።

ሚስቲቱ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተውን ፌስታል በሁለት እጇ አንስታ፣ ከነሽታው እቅፉ ውስጥ አስቀመጠችለት።

«ያንተ ድርሻ ይኸው» አለችው። «የተረፈው ወደ ችሎት ይሄዳል። ሲፈረድ፣ ሁለቱ ዜማዎች ላይ የልጁ ስም ይጻፋል፤ ገዳይም ቢሆን ዜማው የሱ ነው። ገበያ ግን አይወጡም። እኔ በሕይወት እስካለሁ አይወጡም።»

ፕሮዲውሰሩ ጮኾ ፌስታሉን ጣለው። መርማሪዋ አንስታ አሰረችው፤ ማስረጃ ነው። ሳቅ ሊያመልጣት ነበር።

ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ላይ እጇን ስትታጠብ ብዙ ቆየች። ሳሙናው እስኪሳሳ አሸችው። ሽታው ሲለቅ አንድ ቃል ግን አልለቅ አላት፤ «ስክሪኑን።»

መኪናው ውስጥ ስትገባ ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ሬዲዮ ከፈተ። አንዲት ሴት በለስላሳ ድምፅ ስለ ፍቅር ትዘፍናለች።

«ዝጋው» አለችው።

«ምነው? ጥሩ ዘፈን እኮ ነው።»

«ዝጋው አልኩህ።»

ዘጋው። እሷም መስኮቷን እስከ መጨረሻው አወረደች፤ የመኪናው ጥሩምባ፣ የሻጩ ጩኸት፣ የመንገዱ አቧራ አንድ ላይ ገባ። መስኮቱን እስከ ቢሮ ድረስ አልዘጋችውም።